መንገድ ተሻግሮ የሚጠጣ ውሃ

«ያቺ ውሃ የምታጠጣው ሴትዮ የለችም እንዴ?»

በቀደም ዕለት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ከአቀስታ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሻይ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ማዶ ማዶውን፣ የተዘጋውን ሰማያዊ በር ያያል። ከሞተች ወዲህ ይህን ጥያቄ ለስንቱ እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ይመጣል፣ በሩን ያያል፣ ይጠይቀኛል፣ አረፈች እለዋለሁ፣ ከንፈሩን መጦ ይሄዳል። ይሄኛው ግን አልሄደም። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎልማሳ ነው፤ «ኢናሊላሂ» ብሎ ደረጃዬ ላይ ቁጭ አለ። የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው፣ ሐዘን ሲመጣበት አፉ ላይ የደረሰለትን ይላል እንጂ የማን ቃል ነው ብሎ አይመርጥም።

«እኔ እኮ ስሟን እንኳ አላውቀውም» አለኝ።

«ዘሃራ» አልኩት። «ዘሃራ ነው ስሟ።»

ስሟን ሳያውቅ ውሃዋን የጠጣ ሰው ስለበዛ ነው ይህን መጻፌ። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። «የሺ፣ አንቺ እኮ ችኩል ነሽ» እያለች ስንቴ ስቃብኛለች፤ እስቲ ዛሬ እንኳ አልቸኩል።

ቤቷ ከኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። እኔ ሻይ ቤት ነኝ ልበል እንጂ ሽሮም ፓስታም ከቤቴ አይጠፋም። እሷ ግን የሚበላ ነገር አትሸጥም። ቢራ የለ፣ ጠላ የለ፣ ቡና እንኳ የለ። የሚጠጣ ብቻ፣ ያውም የማያሰክር። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መጠጥ ቤት ነው?» ብሎ እየሳቀ የገባ ሁሉ አፉን እየጠረገ ሲወጣ ዓይኔ አይቷል።

ከበሩ ገባ እንዳሉ ጥጉ ላይ ማድጋው አለ። በየጊዜው በወይራ ታጥነዋለች፤ ከሱ የሚቀዳው ውሃ ለማንም በነፃ ነው። መደርደሪያው ላይ የፕላስቲክ ውሃ ትልቁም ትንሹም፣ ከጎኑ ጋዝ ያለው የጠርሙስ ውሃ፣ ከታች በሳጥን በሳጥኑ ለስላሳ፣ ጥቁሩ፣ ቢጫው፣ ነጩ። ጓዳው ውስጥ ደግሞ የእጇ ሥራ ነው ያለው። ገብሱን እስኪጠቁር ቆልታ፣ አፍልታና አጥልላ የምትሠራው ቅሪቦ አለ። ብርዝ አለ። ጾም ሲገባ ለእኛ ተልባ ትመታለች፣ ረመዳን ሲገባ ለማፍጠሪያ የሎሚ ውሃ በጆግ በጆግ ታዘጋጃለች። ሆዱን ለታመመ የአብሽ ውሃ አይታጣም። የቅሪቦው ገብስ ሲቆላ ሽታው መንገድ ተሻግሮ እኔ ቤት ይገባና ሻይ የያዘው ደንበኛዬ ሁሉ አንገቱን ወደ ማዶ ያዞርብኛል። በዚህ ስንቴ ተናድጃለሁ! እሷ ግን «አብሽሪ፣ ጠጥተው ሲርባቸው ወዳንቺ ነው የሚመጡ» ትለኛለች። እውነቷን ነበር።

ታዲያ እሷ ዘንድ ሰው አይመርጥም ነበር። የምትመርጥለት እሷ ናት። ሹፌር በላብ ተጠምቆ ይገባና «አንድ ጥቁር፣ በረዶ የሆነ!» ይላል። መጀመሪያ የማድጋውን ውሃ ትሰጠዋለች። «ከቆላ ነው የወጣህ፣ ላብህ ሳይደርቅ በረዶ አላጠጣህም። እሱን ጠጣ፣ ተቀመጥ፣ ከዚያ የፈለግከውን አዘኝ።» ከሥጋ ቤት ጥሬ በልቶ ለመጣ፣ ጋዝ ያለውን ሳይጠይቃት ትከፍትለታለች። ከቀብር ለተመለሰ ሰው ለስላሳ አትሰጥም፣ ገንዘብ ይዞ ቢለምናትም አትሰጥም። «በዚህ ቀን ስኳር አፍ ላይ ይመራል፣ ውሃ ይሻልሃል» ትላለች። እኔ ብሆን የሸጥኩትን ሸጬ ነበር፣ ምን አገባኝ!

አሰጣጧስ! ብርጭቆውን ከመስጠቷ በፊት ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀምሳለች። ከዚያ ግራ እጇን ከቀኝ ክርኗ ሥር ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ጀባ» ብላ ትሰጣለች። ሰጥታም አትሄድም። ጠጥተህ እስክትጨርስ ፊትህ ትቆማለች። ስትጨርስ ብርጭቆውን ተቀብላ «ልድገምህ?» ትላለች። በቃኝ ካላልክ ንቅንቅ አትልም።

አንድ ቀን ነገሩ ሰለቸኝና «ምናለ ብርጭቆውን አስቀምጠሽ ወደ ሥራሽ ብትሄጂ?» አልኳት።

«ውሃ አኑሮ ዞር የሚሉት ለከብት ነው፣ የሺዬ። ሰው ሲጠጣ ከፊቱ ሰው ሊኖር ይገባል» አለችኝ።

ያኔ የሰርግ ቤት ወግ መሰለኝ። ከልቧ የወጣ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው።

በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች፤ መጀመሪያ ላይ አንቱ እላት ነበር። «ተይ እባክሽ፣ መንገዱ ያራራቀን አይበቃም?» አለችኝና እትዬም፣ አንቺም ማለት ጀመርኩ። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል፣ ልጅ አልሰጣትም። ያላት አንድ ወንድም ነው፣ አያ እንድሪስ፣ ታላቋ። ከአባይ በኩል፣ ከቆላው፣ ንብ ያነባሉ። ነገሬ ሁሉ የሚዞረው እሳቸው ላይ ነው።

አያ እንድሪስ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ቃላቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። በአበባ ጊዜ ለእህታቸው ማር በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። እሷም ምሳቸውን አሰናድታ ትጠብቃቸዋለች። ይበላሉ። እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ብድግ ብለው መንገዱን ይሻገሩና እኔ ቤት ገብተው፣ «እስቲ ውሃ ስጭኝ» ይላሉ።

የመጀመሪያውን ቀን ግራ ገባኝ። ከተማው ሁሉ ውሃ የሚጠጣው እሷ ቤት ነው፤ የገዛ ወንድሟ ወጡን እሷ ቤት በልተው ውሃውን እኔ ቤት! ሰጠኋቸው። ቀና ስል እትዬ ዘሃራ በሯ ላይ ቆማ ታየናለች። ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆመች፤ ሲጨርሱ ገባች።

በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። በሦስተኛው አፌ አላስችል አለኝ፤ ሄጄ ጠየቅኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«መሃላ አለበት» አለችኝ።

«የምን መሃላ?»

እጇን አደራረቀችና ቁጭ አለች። ልጅ ሳለች አረብ አገር ሄዳ እንደነበር አውቃለሁ፣ ብርጭቆ በትሪ ላይ አደራደሯ ራሱ ይናገራል። ያላወቅኩት ይሄን ነው። እናታቸው የሞቱት እሷ እዚያ ሳለች ነው። ገጠር ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተኝተው፣ ውሃ፣ ውሃ እያሉ። አጥር ማዶ ያሉ ጎረቤት ሰምተው እስኪደርሱ እናትየው አልቆዩም።

«ያን ቀን ጌቶቼ ቤት ድግስ ነበር» አለችኝ። «ትሪ ይዤ አዳራሹን እዞራለሁ። ውሃው በበረዶ፣ ጭማቂው በየዓይነቱ። ያልጠማውን ሰው ሁሉ ጠጣ እያልኩ እለምናለሁ። የናቴን ሞት የሰማሁት ከቆየ በኋላ ነው፤ ወደኋላ ሳስበው ያችው ቀን ሆና አገኘኋት።»

የቀረውን ብርጭቆ እኔ አጠብኩላት።

አገር ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ወንድሟ ነው። ተላቀሱ። ከዚያ ጣሳ አንስታ ከማሰሮው ቀድታ «እንካ አያዬ፣ ፊትህም ይራስ፣ ጉሮሮህም» ብላ ዘረጋችላቸው። እሳቸውም፣ «እናቴን ያላጠጣ እጅ እኔን አያጠጣኝም። ወላሂ!» አሉ። ማሉ፣ አበቃ።

«አልተኳረፍን፣ አልተጣላን» አለችኝ። «እንጀራዬን ይበላል፣ ማሩን ያመጣልኛል፣ ስታመም ይጠይቀኛል። ከእጄ ግን አይጠጣም። ለሱ ስል እኮ ነው ይችን ቤት የከፈትኳት፣ የሺዬ። አላፊ አግዳሚውን እያጠጣሁ ስቆይ፣ አንድ ቀን እሱም ይጠማውና እንኪ ይለኛል ብዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ያቺን አንድ ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። የራሴን ጉዳይ ትቼ በየገበያው ቀን ማዶ ማዶ ሳይ እውላለሁ።

አንድ ጊዜ የደረሰልን መስሎኝ ነበር። የሰፈራችን ሰርግ ነው። እንደወጉ ሁለት ድንኳን ተተክሏል፣ የሙስሊሙ እና የክርስቲያኑ፤ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ምጣዱም ድስቱም ለየብቻ ነው። የሚጠጣው ነገር ግን የእትዬ ዘሃራ ነው፣ ለሁለቱም ድንኳን። ከአንዱ ወደ አንዱ ትመላለሳለች፣ ማንም ምን ይዘሽ ነው ብሎ አይጠይቃትም። ያን ቀን ለስላሳ ጭኖ የሚመጣው መኪና ወረኢሉ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ቀረ። ሰርገኛው ደርሷል፣ ያለን ጥቂት ሳጥን ነው። የሙሽራው አባት ራሱን ያዘ። «አብሽር» አለችው እሷ። «ለስላሳውን ለሚዜዎቹና ለልጆቹ። ለትልልቁ ሰው ብርዝ አለልኝ።»

የአያ እንድሪስን ማር በሙሉ በጠበጠችው። ሁለቱም ድንኳን ውስጥ ብርጭቆ ተነሣ። «ወይ ማር! ማሩ የማነው?» ይላል አንዱ። «የእንድሪስ ነው፣ የወንድሟ!» ይላል ሌላው። ሼሁም ጠጡ፣ ቄሱም ጠጡ። አያ እንድሪስ መሃል ላይ ቁጭ ብለው ምርቃት ይቀበላሉ፣ አሚን አሚን ይላሉ፣ ከንፈራቸው ግን ደርቋል። በገዛ ማራቸው አገር ሲረካ እሳቸው ምራቅ ይውጣሉ። ወይ ጉድ!

ይሄን ያየ አንድ የሠፈር አዋቂ ነኝ ባይ አንድ ጠርሙስ ቢጫ ለስላሳ አምጥቶ ፊታቸው አኖረ። «ይሄማ የፋብሪካ ነው፣ አያ እንድሪስ፣ የእሷ እጅ የለበትም። መሃላዎን አይነካም።»

አያ እንድሪስ ጠርሙሱን አነሱ። ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያ መልሰው ዝቅ አደረጉትና «ማን ከፈተው?» አሉ።

ሰውዬው ተንተባተበ። መክፈቻውን በአንገቷ ያንጠለጠለችው እሷ ብቻ ናት። ጠርሙሱን ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም። እትዬ ዘሃራ ራሷ ሳቀች። ሳቋ ግን ሳያልቅ ጆጓን ይዛ ወደ ሌላው ድንኳን ሄደች።

ያላሳቀን ጊዜ ደግሞ አለ። የበጋ ገበያ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አያ እንድሪስ እሷ ቤት ተቀምጠው ይበላሉ፣ እኔ በሬ ላይ ሆኜ ሰሐን አጥባለሁ። ድንገት ትን አላቸው። ሲያስሉ እዚህ ድረስ ይሰማል። ዓይናቸው ቀልቶ፣ አንገታቸውን ይዘው ተነሡ። እሷ ብርጭቆ ሞልታ ፊታቸው ቆመች። «አያዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአላህ!» ትላለች። በእጃቸው ገፋ አደረጓትና ወጡ። መንገዱን ሲሻገሩ ባጃጅ ለጥቂት ሳታቸው፣ ሹፌሩ ጮኸ። እየተንደፋደፉ ደረሱልኝ፣ ውሃ በጆግ አንቆረቆርኩላቸው፣ ነፍሳቸው ተመለሰች።

ቀና ብዬ ማዶ አየሁ። እትዬ ዘሃራ ብርጭቆውን እንደያዘች በሯ ላይ ቆማለች። ግራ እጇ ከክርኗ ሥር ነው፣ እንደምትሰጥ። ብርጭቆው አዘንብሎ ውሃው ቀሚሷ ላይ ይፈስሳል። እኔ ያን ቀን ነው ያለቀስኩት።

ማታ ሳልጠብቅ ወዲያው ገበያው ሲበተን ሄድኩባት። «ስሚ እትዬ» አልኳት፣ «ይሄማ ግፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከማድጋሽ ቀድቼ እኔ ቤት አኖርልሻለሁ። ሲመጡ በኔ ብርጭቆ ያንቺን ውሃ አጠጣቸዋለሁ። በየት ያውቃሉ? አንቺም ወንድሜን አጠጣሁ ትያለሽ።»

እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ሁለተኛ እንዳትይው!» አለችኝ። «መሃላው የሱ ነው፣ በተንኮል አላስፈርሰውም። ሳያውቅ ቢጠጣ እኔ ምን ይጠቅመኛል? እያወቀ፣ እጄን እያየ ሲጠጣ ነው እኔ የምፈልገው። ካልሆነም ይቅር።»

ከዚያ ወዲህ አላነሣሁትም።

ሼሁ ግን አንስተውታል። አንድ ቀን አያ እንድሪስ እኔ ቤት ውሃቸውን ሲጠጡ አገኟቸውና «አንተ እንድሪስ፣ መሃላ እኮ ማስፈቻ አለው» አሏቸው። «ሚስኪን አብላ፣ ካልቻልክ ጹም፣ ከዚያ ከእህትህ እጅ ጠጣ። አላህ መሃሪ ነው፣ አንተ ከማን ልትብስ?» አያ እንድሪስ ብርጭቆውን መለሱልኝ። ዱላቸውን አንስተው ወጡ። የያዛቸው መሃላው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ምን እንደሆነ ግን ከየት ልወቀው!

እትዬ ዘሃራ የታመመችው አምና ነው። ኩላሊት ነው ተባለ። ደሴ ድረስ ተመላለሰች፣ መርፌውም ኪኒኑም ተሰጣት፣ በመጨረሻ ቤቷ ተኛች። ውሃ እንዳታበዛ ታዘዘች። አስቡት! አገሩን ስታጠጣ የኖረች ሴት፣ ለቀን ሙሉ በትንሽ ብርጭቆ ተመጥኖ ይቀመጥላታል። ጠዋት ከማድጋው የምቀዳላት እኔ ነኝ። አልጋዋ አጠገብ በርጩማው ላይ አኖርላታለሁ፣ እሷም በጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጨች ታውለዋለች።

«አየሽ የሺዬ፣ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት እኔን ነው» ትለኛለች። ይስቃል እንዴ ሰው በዚህ? እሷ ትስቃለች። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ቤቱ ግን አልተዘጋም። ካልተከፈተልኝ አልሻልም ብላ አስቸገረችን። ከአልጋዋ ሆና በሩን እያየች ታዝዛለች፤ «የሺ፣ ያ ሰውዬ ላቡ አልደረቀም፣ በረዶውን ተይው!» እኔ የሷን እንግዳ ሳስተናግድ የኔ ሽሮ ያራል። ግድ የለም፣ አረረ።

አንድ ጠዋት አያ እንድሪስን መንገድ ላይ አየኋቸው። ደነገጥኩ፣ ገበያ ቀን አልነበረምና። ማርም አልያዙ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በቀጥታ ወደ እሷ ገቡ። ተከትዬ ገባሁ፤ ብርጭቆዋን ላኖር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት እንጂ ወሬ ፍለጋ ነው።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ዘሃራ» አሉ፣ «ሼሁ ያሉትን አድርጌያለሁ። ትናንት ፍየል አርጄ ሚስኪኖቹን አብልቻለሁ።»

«አላህ ይቀበልህ፣ አያዬ» አለች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «እናታችን ያን ቀን ውሃ ስትል እኔም አልነበርኩም። ታማ ጥያት ገበያ ወጣሁ። ቶሎ እመለሳለሁ አልኳት፣ ከሰው ጋር ጨዋታ ይዤ ዋልኩ። ስመጣ ተገንዛለች። የቀዳሁላት ጣሳ ከአልጋዋ ርቆ ነበር ያስቀመጥኩት፣ እጇ አልደረሰበትም። አኑሬላት ነው የሄድኩት ዘሃራ፣ አኑሬላት! አንቺ ስትመጪ እኔ ላይ የነደደውን እሳት አንቺ ላይ ጣልኩት። አፉ በይኝ።»

ውሃ አኑሮ ዞር የሚሉት ለከብት ነው ያለችኝ ትዝ አለኝ።

እትዬ ዘሃራ አልደነገጠችም። እጃቸውን ያዘች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሁሉንም። የመጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቹ ነግረውኛል።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ብነግርህ ሁለታችንም ያላጠጣናት ልጆች ልንሆን አይደል? አንዳችን እንኳ ይረፍ ብዬ ነው፣ አያዬ። አንተ በኔ ስትናደድ ትንሽ ይቀልልህ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ሳጠጣ ይቀለኝ ነበር።» ትንፋሽ አጠራት፣ ንግግሯን ቆም አደረገች። «አፉ ብዬሃለሁ። ድሮ ነው ያልኩህ።»

አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

እሷ ወደኔ ዞረች። «የሺ፣ ደግፊኝ እስቲ።»

ትራሷን አስደግፌ አስቀመጥኳት። ከበርጩማው ላይ ብርጭቆዋን አነሣች፤ ለቀኑ የተመጠነላት ውሃ ናት፣ ገና አልነካቻትም። እንደ ልማዷ ጠብ አድርጋ በመዳፏ ቀመሰች። ከዚያ በቀኝ እጇ ዘረጋች። ግራ እጇን ከክርኗ ሥር ልታደርግ ሞከረች፣ አልታዘዝ አላት፣ ወደቀባት። እኔ ክርኗን ደገፍኩላት።

«ጀባ፣ አያዬ» አለች።

አያ እንድሪስ ፊታቸውን ጠረጉ። እጇን አዩ፣ ደህና አድርገው አዩ። «ቢስሚላህ» ብለው ከእጇ ተቀበሉና ቀስ እያሉ፣ ትንፋሽ እየወሰዱ፣ ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡ። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች። ሲጨርሱ ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለቻቸው።

«ልድገምህ?» አለች።

«ድገሚኝ» አሉ።

ወደ ማድጋው ሮጥኩ። እንባዬ ብርጭቆው ውስጥ እንዳይገባ ፊቴን አዙሬ ነው የቀዳሁት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ስታርፍ አያ እንድሪስ አጠገቧ ነበሩ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ከንፈሯን በጥጥ ያረጠቡላት እሳቸው ናቸው። አጠገቧ ከተቀመጡበት አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሡም። ቀብሯ ላይ የሁለቱም ድንኳን ሰው ወጣ፤ ሲመለስ ለሁሉም ከማድጋው ውሃ ተሰጠው፣ ስኳር የሌለበት፣ እንዳዘዘችው።

የቤቷ ቁልፍ አሁን እኔ ዘንድ ነው። አዘቦት ቀን በሩ ዝግ ነው፣ ለዚያ ነው ሹፌሮቹ የሚጠይቁኝ። ለዚያ ለማተበኛው ሹፌርም ከፍቼ ከማድጋው ሰጠሁት፣ ጠጥቶ እስኪጨርስም ፊቱ ቆምኩ። መንገድህ ላይ ከሆነ በገበያ ቀን ና አልኩት፣ በገበያ ቀን ባለቤት አለው።

በገበያ ቀን አያ እንድሪስ በጠዋት ይመጣሉ። ማድጋውን አጥበው፣ ወይራ አጭሰው፣ ውሃ ይሞላሉ። የገባውን ሰው ያጠጣሉ፤ ሲሰጡ እጃቸውን እንደሷ ደግፈው፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆመው። ሲርባቸው መንገዱን ይሻገሩና እኔ ቤት ምሳቸውን ይበላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ለምጄው ውሃ ሞልቼ ፊታቸው አኖርኩ። ብርጭቆውን በቀስታ ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«አላህ ይስጥሽ፣ የሺ» አሉኝ። «እኔ ውሃ የምጠጣው እህቴ ቤት ነው።»

እጃቸውን ታጥበው መንገዱን ተሻገሩ።